እናቴ የቀባችው በር

የልጄ ሚስት፣ ሕይወት፣ ሰሞኑን በረንዳዬን ወርሳዋለች። ጎረቤት ሊጥለው ያወጣውን አሮጌ የልጅ አልጋ ለምና አመጣችና፣ ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሌሎች ሴቶች አሮጌ ዕቃ እንዴት እንደሚያድሱ እያየች፣ ትፍቃለች፣ ትጠርጋለች፣ ትቀባለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። የቀለም ሽታ ለነፍሰ ጡር አይበጅም ብዬ ብቆጣት፣ ይሄኛው ሽታ የሌለው ነው አለችኝ። ለእሷ የለው ይሆናል። እኔን ግን ጓዳ ድረስ መጥቶ አገኘኝ።

ቀለም በሸተተኝ ቁጥር አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። ድስቱን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ የታጠፈ ልብስ ዘርግቼ እንደገና አጥፋለሁ፣ ሳላስበው ደጅ ወጥቼ መንገዱን ወደ ላይ ወደ ታች አያለሁ። ልጄ አመሌን ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን ነግሬው አላውቅም። ዛሬም ምን እንደጠፋኝ ሲጠይቀኝ ምንም አልጠፋኝም ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ወደ ሐይቁ ወረድሁ።

ጣና ዳር አሁን ሌላ ነው። ድሮ ደንገል ብቻ የነበረበት ቦታ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል፤ የሚጠበሰው የቆሮሶ ዓሣ ሽታ ከሩቅ ይጣራል። ነፋሱ ግን ያው የድሮው ነው። ከሰዓት በኋላ ይነሣና ውኃውን ያሻክረዋል፣ የሰውንም ልብ እንደዚያው። እዚያ ነፋስ ላይ ቆሜ የዚያን ዓመት ክረምት አሰብሁት።

መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ ነገር ግን ትምህርቱም ሥራውም ተደበላልቆ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ፣ እቤት ውዬ አድራለሁ። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚህ ፋብሪካ በመካኒክነት የተቀጠረ ሰው ነበር፤ እኔ ገና ልጅ ሳለሁ በወባ ሞተብን። እናቴ ይታይሽ የዘጌ ልጅ ናት፣ ከካህናት ቤት የተወለደች። ወንድሟ መሪጌታ ልሳኑ እዚያው ዘጌ፣ ቡናው ጫካ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን እያገለገሉ ይኖሩ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አንዳርጌ ደግሞ ጦር ሜዳ ነበር። ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ተመልምሎ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ አላየነውም። መጀመሪያ ሰሞን በሚያውቁት ሰዎች በኩል ሰላምታ ይልክ ነበር፤ ኋላ እሱም ቀረ።

ግንቦትና ሰኔ ላይ የተበተነው ጦር በከተማችን ማለፍ ጀመረ። እግራቸውን በጨርቅ የጠቀለሉ፣ ብርድ ልብስ ቀደው ያጠለቁ፣ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ልጆች በጎንደር መንገድ እየመጡ የአባይን ድልድይ ይሻገራሉ። እናቴ ጠዋት ጠዋት አንድ እንስራ ውኃና በጨርቅ የተቋጠረ ቆሎ ይዛ ድልድዩ ራስ ላይ ትቀመጣለች። ለሚያልፈው ሁሉ ውኃ ትሰጥና ያንኑ ትጠይቃለች፤ አንዳርጌ የሚባል፣ ረዘም ያለ፣ ግራኝ፣ የባሕር ዳር ልጅ ታውቃለህ? አንዱ ሱዳን ጠረፍ ላይ አይቼዋለሁ ይላታል። ሌላው እሱ ከነበረበት የጦር ክፍል የተረፈ ሰው የለም ይላታል። ሌላው ደግሞ አዝኖላት፣ ደህና ነው፣ ከኋላ እየመጣ ነው ይላታል። ማታ ሦስቱንም ተሸክማ ትመለሳለች።

ሐምሌ ሲገባ የሚያልፈው ሰው ሳሳ። ዝናቡም ድልድዩ ላይ አላስቀምጥ አላት። እቤት መዋል ጀመረች፤ የባሰውም ያን ጊዜ ነው። የታጠበ ታጥባለች። የተጠረገ ትጠርጋለች። ድመት ቆርቆሮው ላይ ስታልፍ ማነው ትላለች። እህል ስታነሣ እጇ መሶቡ ላይ ይቀራል። እኔም ከእሷ አልሻልም ነበር። አንዱን ሥራ ጀምሬ ሳልጨርስ ሌላው ያምረኛል፤ ዝናቡ ሳያባራ ደጅ ወጥቼ በስብሼ እገባለሁ። ሁለት የታሰሩ ጥጆች ነበርን፤ አንዳችን ስንፈራገጥ ሌላችን እንነሣለን።

አንድ ቀን እሳት አልያዝ ብሎኝ የሚፈለጥ እንጨት ስፈልግ ጓዳ ጥግ የተጣለ የአባቴን ወንበር አገኘሁ። ጠፍሩ ተበጥሷል፣ አንድ እግሩ ይወዛወዛል፣ መልኩ የጭስና የእድፍ ነው። መጥረቢያ አንሥቼ አንዴ አሳረፍሁበት። ምላጩ ሸራርፎት አለፈና ከእድፉ ስር ንጹሕ እንጨት ብልጭ አለ። ዋንዛ ነበር። መጥረቢያውን አስቀምጬ በጣቴ ዳበስሁት። ከዚያ የተሰበረ ጠርሙስ ፈልጌ በስባሪው መፋቅ ጀመርሁ።

ያኔ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳውም። ለወራት ሥራ ፈትቶ የቆየው እጄ የሚይዘው አገኘ። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወድቃል፣ እንጨቱ ይሸታል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እኔ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዬን ወደ መንገዱ አላቀናሁም። ሲመሽ ወንበሩ ተፍቆ አለቀ። የሚወዛወዘውን እግር በቁራጭ ቆርቆሮና በሚስማር አጠበቅሁት። ለመቀመጫው ዓሣ አጥማጆች የጣሉትን የመረብ ገመድ ከሐይቁ ዳር ለቅሜ አምጥቼ ጠለፍሁበት።

ቀለሙን ያገኘሁት ከአባቴ ዕቃ ውስጥ ነው። ድሮ ፋብሪካው ሲታደስ የተረፈውን ለሠራተኞቹ አካፍለውት ኖሮ አንድ ጣሳ ግራጫ ቀለም ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ነበር። ላዩ እንደ ቆዳ ደርቋል። በቢላ ብቀደው ከታች ያለው ለስልሷል። በላምባ አቅጥኜ፣ የዶሮ ላባ አስሬ እንደ ብሩሽ አድርጌ ቀባሁት። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወንበሩ መሐል ቤት ቆሟል።

ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ የአባቴ ዕቃ ነውና። ዞራ አየችው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ደግሞ ግራጫ» አለች። «ቤቱ መች ግራጫ አነሰው።»

 ነጠላዋን ሰቅላ መሬት ላይ ተቀመጠችና ያልተፋቀውን ሌላኛውን ወንበር ወደ ጉልበቷ ሳበች። ጠርሙሱን ለሁለት ሰብሬ ሰጠኋት። አብረን ፋቅን። ያን ማታ የዳጉሳ እንጀራዋን ሳታስተርፍ በላች፤ እኔም አየሁና እንዳላየሁ ሆንሁ።

የግራጫውን ነገር ግን አልተወችውም። ጎረቤታችን አያ ደምሴ ሐይቁ ዳር ጀልባ በሚጠገንበት ቦታ ይሠራ ነበር። እናቴ ሄዳ ለመነችውና ከጀልባ የተረፈ ሰማያዊና ነጭ ቀለም በየጣሳው አምጥቶ ደጃችን አስቀመጠ። በክረምት አይደርቅላችሁም፣ ጥቅምትን ጠብቁ ብሎ መከረን። ጥቅምት! እኛ ጥቅምት ድረስ ምን ይዘን እንጠብቃለን? በማግስቱ ጀመርን።

እሱ እንዳለውም አልደረቀም። ወንበሮቹ ቀን ከሌት ይጣበቃሉ። ዝንብ ሁሉ አረፈችባቸው። ከሰል አያይዘን ዙሪያውን ደረደርናቸው፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ወደ ደጅ፣ ሲያካፋ ወደ ቤት እያጋዝን ስንት ጊዜ ተሯሯጥን። ቆመን በላን። አልጋ ጫፍ ላይ ቡና ጠጣን። ያም ሆኖ አላቆምንም። መስታወቱ የረገፈውን ቡፌ ሰማያዊ አደረግነው፤ መስታወቱ በነበረበት ቦታ የእናቴን አሮጌ ጥለት ወጠርን። የተሰበረ የስፌት መኪና እግር ላይ የድሮ መስኮት ገጥመን ጠረጴዛ አወጣን። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ነጭ ቀብተን ጤና አዳም ተከልንበት። የአንዳርጌን የሽቦ አልጋ ብቻ እናቴ አታስነካኝም ነበር። ነሐሴ ሲጋመስ፣ ፍልሰታን ልታስቀድስ ሄዳ እንደተመለሰች፣ ራሷ ወደ ብርሃን አወጣችውና ዝገቱን በአሸዋ እየፈተገች ዋለች።

ለምን ይሄን ሁሉ እንደምናደርግ አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ሲመጣ ደስ እንዲለው ብትል ኖሮ፣ ባይመጣስ የሚለው ቃል ከኋላው ይከተል ነበር። ስለዚህ ስለ ቀለሙ ብቻ እናወራለን። ቀጠነ፣ ወፈረ፣ እዚህ ጋ ዘለልሽ።

ሰፈሩ ግን ያወራ ነበር። ልጇ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ ሠርግ እንዳለባት ቤቷን ትቀባለች ይላሉ። ፍልሰታ እንደተፈታ የዕድራችን ሽማግሌዎች መጡ፤ አክብረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ገና ያልደረቁት ወንበሮች ላይ አስቀመጥናቸው፤ ሌላ መቀመጫ የለንም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ ካወሩ በኋላ አንደኛው ወደ ነገሩ ገቡ። አብረውት የዘመቱት ልጆች ወይ መጥተዋል፣ ወይ መርዷቸው ተነግሯል አሉ። ተንጠልጥሎ መኖር ለሟችም ለቋሚም አይበጅም፤ ልቅሶ ተቀመጪና ፍትሐት ይደረግለት፣ እኛም አለንሽ አሉ። ክፉ አላሰቡም። እኔ ራሴ በልቤ እውነታቸውን ይሆን ማለት ጀምሬ ነበር፤ ያን ቀን ከሁሉም የፈራሁት ይሄንን ነው።

እናቴ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። እጇ ላይ ያለውን ቀለም በጥፍሯ እየላጠች ነበር።

«መሞቱን ያየ አንድ ሰው አምጡልኝ» አለች። «እቀመጣለሁ፣ ፀጉሬንም እላጫለሁ። እስከዚያው ግን ቤቴን አድሳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሊነሡ ሲሉ የአንዳቸው ኮት ከወንበሩ ጋር ተጣብቆ ኖሮ ጨርቁ ሲላቀቅ ጮኸ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር። እናቴ ኮታቸውን በላምባ አጽድታ፣ እስከ ደጅ ሸኝታ ተመለሰችና በሩ ላይ ቆመች። በራችን ቀጥታ ወደ መንገዱ የሚከፈት የእንጨት በር ነው። አባቴ አረንጓዴ ቀብቶት ነበር፤ ፀሐይና ዝናብ ልጦት ቅርፊት ሆኗል። እኔም አንዳርጌም እሱን እያየን ነው ያደግን።

ነገ በሩን እጀምራለሁ ብላት፣ በሩን ለእኔ ተይው አለችኝ።

አንድ ሳምንት ፈጀባት። አሮጌውን እስከ እንጨቱ ፋቀችው። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ደፈነችው። ከዚያ የጀልባውን ሰማያዊ ደጋግማ ቀባችና ዙሪያውን በነጭ ከፈፈችው። መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ወጣች፣ ቀለሙም ደረቀ። መንገዱን ተሻግሬ አየሁት። የእኛ ቤት አይመስልም ነበር። የሌላ ሰው ቤት፣ የደላው ሰው ቤት ይመስላል አልኋት፤ ደስ ብሎኝ ነው ያልሁት። እሷም ደስ አላት።

በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ከሰባታሚት መጥተው ቤት ተከራዩ። ሾላዋ ሥር ተቀምጠው የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። እኛን እንጂ ታሪካችንን ገና አያውቁም። አንድ ጠዋት እሳት ሊጭሩ መጡና እንደ ጨዋታ፣ ትናንት የእናንተን ቤት ያደነቀ ሰው አየሁ አሉ። ከተበተኑት ወታደሮች አንዱ ነው፤ ከሾላው ሥር ቆሞ በሩን በጣም ሲያይ ቆየ። ከዚህ የነበሩት ሰዎች ለቀቁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እንጃ፣ እኔም ለአገሩ አዲስ ነኝ አሉት። ርቦት ይሆናል ብለው እሸት ቢሰጡት ተቀበላቸውና ሄደ።

«እኔን ያሳዘነኝ» አሉ እትዬ ብርቄ፣ «በግራ እጁ ነው የተቀበለኝ። ቀኙ ቆስሎ ይሆናል፣ አለዚያ የጨዋ ልጅ ይመስላል።»

 እናቴ የያዘችውን ስባሪ ጠርሙስ በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጫማ ሳታደርግ ወጣች።

ተከትያት ሮጥሁ። እሱ ሾላ ሥር በቆመበት ሰዓት እኛ ጓሮ ነበርን፤ ቁምሣጥን እየፋቅን። የጠርሙሱ ድምፅ ጆሯችንን ይዞት የሰው ኮቴ አልሰማንም። ይሄን ነገር እየሮጥሁ አሰብሁት። ወታደሮች የሚያድሩበትን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ፈለግን፤ የለም። የአውቶቡስ መናኸሪያውን ፈለግን፤ የለም። እናቴ የተኛውን ሁሉ ብርድ ልብሱን እየገለጠች ፊቱን ታያለች፣ ይቅርታ ልጄ እያለች መልሳ ታለብሳለች። ገበያው ጫፍ ስንደርስ ድንገት ቆመች።

ለቀቁ ወይ ብሎ ነው የጠየቀው አለች። ለቀን ከሆነ የት እንሄዳለን? ባሏ የሞተባት የዘጌ ሴት ቤቷን ብትለቅ ወንድሟ ዘንድ እንጂ የት ትገባለች?

ወደ ሐይቁ ወረድን። አያ ደምሴ ነገሩን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ፣ ዘጌ ሎሚና ቡና ሊጭን የሚሄድ ጀልባ ላይ አሳፈረን። ውኃው በክረምቱ ጭቃ መልክ ገና ቀላ ብሏል። በየታንኳው ላይ ያሉ ሰዎች ዓሣ ይዘው ወደ ከተማ ይቀዝፋሉ፤ እኛ ወደ ማዶ። ባለ ጀልባው ተቀመጪ ቢላት እናቴ አልቀመጥ አለች። የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ቆማ ሄደች። እጇ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙም ሰማያዊ ነው።

እኔ ደግሞ የማልመው ሁለት ነገር ነበር፣ እየተፈራረቀ። አንዴ አጎቴ ቤት ተቀምጦ ሲበላ አየዋለሁ። አንዴ ደግሞ ሌላ ግራኝ፣ የሌላ እናት ልጅ ይሆናል እላለሁ። ያ ጉዞ ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን የረዘመ የለም።

ዘጌ ስንወርድ ሽቅብ የሚወስደው የእግር መንገድ ሙልጭ ያደርጋል። ቡናው ገና አረንጓዴ ፍሬ ይዟል፤ ከላይ ጦጣ ቅጠል ታራግፍብናለች። አጎቴ መሪጌታ ልሳኑ ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ ነበር። እናቴን ባዶ እግሯን፣ ቀለም በቀለም ሆና ሲያዩ መርዶ የመጣ መስሏቸው ተነሡ።

አንዳርጌ አልመጣም ነበር። ማንም አልመጣም።

እናቴ ያን ስትሰማ የግቢውን ምሰሶ ይዛ ቁጭ አለች። አጎቴ ነገሩን ሁሉ ከእኔ ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ረጋ ብለው አሰቡ። ጀልባ ላይ የሚጭነው አያገኝም፤ በየብስ ነው የሚመጣው አሉ። የደከመ ሰው በሐይቁ ዙሪያ በእግሩ ሲመጣ መንገድ ላይ ያድራል። ገና ይሆናል እንጂ ቀርቶ አይደለም አሉ። ምግብ ቀረበ፤ አልነካችውም። ጠላ ቀረበ፤ አልነካችውም። ተነሥታ በአጥሩ ዙሪያ መዞር ጀመረች። አጎቴ ዳዊታቸውን ቀጠሉ፤ እሷ ትዞራለች፣ እኔ ካንዱ ድንጋይ ተነሥቼ ሌላው ላይ እቀመጣለሁ።

ፀሐይዋ ወደ ማዶው ዘንበል ስትል ውሻው ጮኸ። ከቡናው መሐል አንድ ሰው ብቅ አለ። ብርድ ልብስ ለብሷል፣ ዱላ ይዟል። አንዳርጌ ይሁን አይሁን እኔ መለየት አልቻልሁም። ፊቱ የሽማግሌ ነው። ግቢው በር ራቅ ብሎ ቆመ፤ አልገባም፣ አልተጣራም፣ ቆመ ብቻ። በየሰው ደጅ እንዲያ መቆም ለምዶበት ነበር፤ ውሾች እስኪረጉ፣ ሰው ወጥቶ ሂድ ወይም ና እስኪለው።

እናቴ ወጣች። የምታለቅስ፣ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ቀስ ብላ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመችና እጆቿን ዘርግታ አሳየችው።

«በሩን የቀባሁት እኔ ነኝ» አለችው። «እኔ ነኝ የቀባሁት፣ አንዳርጌ።»

ወንድሜ እጆቿን አየ።  ከዚያ፣ «አምሯል» አለ፤ ዱላው ከእጁ ወደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ሊገምተው ይችላል፤ ለቅሶው፣ እግር ማጠቡ፣ የአጎቴ ጸሎት። ግን ሰው እንደሚያስበው በዚያ አላበቃም። ባሕር ዳር ይዘነው ስንመለስ ሰፈሩ እልል አለ፤ ሽማግሌዎቹም መጥተው እናቴን ይቅርታ ጠየቋት። አንዳርጌ ግን እቤት አልረጋ አለ። ያን ሁሉ የፈተገችለትን አልጋ ትቶ በረንዳ ላይ ይተኛል። ሲነጋ ተነሥቶ ሐይቁን ይዞ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይመጣል። እናቴና እኔ የተውነውን መቁነጥነጥ እሱ ያዘው። የቀባናቸውን ዕቃዎች እንደ እንግዳ በዓይኑ ብቻ ያያቸዋል፤ በሰማያዊው ቡፌ ፊት ሲያልፍ እጁን ይሰበስባል።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት ጠርሙሱን የት እንደማስቀምጠው ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ከወንበሮቹ አንዱን ወሰደና ጓሮ ተቀምጦ ቀለሙን ይፍቅ ጀመር። ያ ሁሉ ልፋታችን! ሮጬ ለእናቴ ነገርኋት። ተይው አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ፋቀ፤ ሰማያዊው ሄደ፣ ግራጫው ሄደ፣ ዋንዛው ወጣ። ላዩን በኑግ ዘይት አሸና ተቀመጠበት። ያን ምሽት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር መሶብ ቀርቦ የበላው። ሌሎቹን ወንበሮች አልነካም፤ እኛም የእሱን አልነካንበትም። ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ አናጢ ዘንድ ገባ። ኋላም ሥራ ፍለጋ ማክሰኝት ሄደ፤ እዚያው አገባ፣ እዚያው ወለደ፣ አሁን የልጅ ልጆች አሉት።

እናቴ ካረፈች ቆየች። አንዳርጌ በየጊዜው ይመጣል፣ እኔም እሄዳለሁ፤ ያን ቀን ግን አናነሣውም ነበር። ዓምና ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅሁት። ሐይቁ ዳር፣ አሁን የቆምሁበት አካባቢ፣ ዓሣ በልተን ተቀምጠን ሳለን፣ ለምን አላንኳኳህም አልሁት። እኔ እስከዚያ ያሰብሁት ስላፈረ ነው ብዬ ነበር፤ ልብሱን፣ ቅማሉን፣ በየሰው በር መለመኑን አፍሮ።

ራሱን ነቀነቀ። ላንኳኳ ቆርጬ ነበር አለኝ። ሾላው ሥር ሆኜ በሩን ሳየው፣ ወንበሮቹ ተቀብተው ፀሐይ ላይ ተደርድረው፣ ጤና አዳሙ በነጭ ቆርቆሮ ተተክሎ ሳየው፣ እዚህ ቤት ማንም የጎደለው ሰው የለም አልሁ። የሚጠበቅ ሰው ያለበት ቤት እንዲህ አያምርም። የእኛን የመሰለ ቤት ጨለማ ነው፣ አመድ ነው ብዬ ነበር የመጣሁ። የደስተኛ ሰዎችን ደጅ አንኳኩቼ ምን እላቸዋለሁ?

«ተስፋ የቆረጠ ሰው እኮ በሩን አይቀባም» አልሁት።

 ውኃውን እያየ፣ እሱን ለማወቅ ቀቢው መሆን ያስፈልጋል አለኝ።

ዛሬ እዚያው ቆሜ ይሄን ሳስብ ነፋሱ በረደ፣ የመንገዱ መብራት በራ። እግሬ እንጂ ሐሳቤ ወደ ቤት አልተመለሰም፤ በየመንገዱ የቤቱን ሁሉ በር እያየሁ ሄድሁ። ባሕር ዳር ዘንድሮ ቀለም አብዝታለች፤ ቢጫ አለ፣ ሮዝ አለ፣ እንደ ሎሚ ቅጠል የለመለመ አለ። አላፊው ሰው እያየ፣ እነዚህስ ደልቷቸዋል ይላል። እኔ ግን ከዚያ ክረምት ወዲህ አዲስ የተቀባ በር ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ፤ ማንን እየጠበቁ ይሆን እላለሁ።